«አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ ሞተር አይግልም» ለሚሉ

ፒያሳ ውስጥ ሞተር በምጠቀልልበት ሱቅ፣ ሞተር ሳይክላቸውን በእጃቸው ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይሩ ወጣቶች አንድ አባባል ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው፦ «አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ እዚህ ሞተር አይግልም።»

ይህ በሁለት ምክንያት ስህተት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ዋናው ምክንያት ግን ሞተሩን የሚያግለው የውጭው አየር ሳይሆን በሞተሩ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ከረንት መሆኑ ነው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰው ጭኖ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የቸርችልን ዳገት፣ ያውም በመኪና ሰልፍ መሃል እየቆመ እየተነሳ የሚወጣ ሞተር ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ የሚስበው ከረንት ግን ከፍተኛ ነው። በዚያ ላይ መዳብ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሲግል ሬዚስታንሱ (ከረንት እንዳያልፍ የመቋቋም ባሕርዩ) በ39 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል።

«ሽፋኑን ዳስሼው አልጋለም» የሚለውም አያስኬድም። ቸርኬ ውስጥ በሚገጠም ሞተር መዳቡ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ከውጭው ሽፋን የሚለየው ቀጭን የአየር ክፍተትም ሙቀቱን በቀላሉ አያሳልፍም። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ያመጣው ሞተር የውጭ ቀለሙ አልተነካም ነበር፤ ክዳኑን ስናነሳው ግን የመዳብ ሽቦውን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ጠቁሮ፣ በጥፍር ሲነካ እየተፈረፈረ ይወድቅ ነበር።

ያው ሞተር «አየር እንዲያገኝ» ተብሎ ክዳኑ በትራፓኖ ተበስቷል። ቸርኬው ቀስ ብሎ በሚዞርበት ዳገት ላይ በቀዳዳው የሚያልፈው አየር እጅግ ጥቂት ነው፤ የክረምቱ ጭቃ ግን ገብቶ ብረቱን አዝጎታል፣ የሞተሩን አዟዟር የሚያነብበውን ሴንሰር ሽቦም በልቶታል። እባካችሁ ክዳን አትብሱ።

በጋለ ሞተር ላይ ውኃ መድፋት የሚያቀዘቅዘው ሽፋኑን ነው፤ መዳቡ እንደጋለ ይቆያል። ቮልቴጅ መጨመርም ከረንቱ እስካልጨመረ ድረስ ብቻውን መዳብ አያቃጥልም።

ስለዚህ ከማንኛውም ፋን በፊት ባለ 10 ኪሎ ኦም የሙቀት ሴንሰር በመዳቡ ጥቅል መሃል አስገብታችሁ፣ ሙቀት በሚችል ኢፖክሲ አጣብቁ። ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ከረንት የሚቆጣጠረው ሳጥን) የሙቀት ሴንሰር ሽቦ መግቢያ ካለው፣ ከ110 ዲግሪ ጀምሮ ከረንቱን እንዲቀንስና 130 ላይ እንዲያቋርጥ አስተካክሉት። ዳገት የሚበዛበት ሥራ ከሆነ፣ በካቴና የሚነዳ ሞተር መርጣችሁ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ግጠሙ፤ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ በአነስተኛ ከረንት ይወጣል። የቸርኬ ሞተር የገዛችሁ ደግሞ በማግኔቱና መዳቡ በተጠቀለለበት ብረት መካከል ባለው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ሊትር ፌሮፍሉይድ (በማግኔት የሚሳብ ፈሳሽ) ብትጨምሩ ሙቀቱ ወደ ሽፋኑ መሻገሪያ ያገኛል፤ ከመጠን ካለፈ ግን በኩሽኔታው በኩል ሊፈስ ስለሚችል በመርፌ እየለካችሁ ጨምሩ።