የፕሮክሲ ሰርቨር የኮኔክሽን ሁኔታ አያያዝ

ፕሮክሲ ሰርቨር በክላየንት (ጥያቄ በሚልከው ፕሮግራም) እና በባክኤንድ (መልስ በሚሰጠው ሰርቨር) መካከል ተቀምጦ የአንዱን መልእክት ለሌላው የሚያደርስ ሶፍትዌር ነው። ከውጭ ለሚያየው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ አንድ መስመር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሁለት መስመር ነው። አንዱ የቲሲፒ (ዳታን በቅደም ተከተል የሚያደርስ የኔትወርክ ደንብ) ኮኔክሽን ከክላየንቱ እስከ ፕሮክሲው ይደርሳል፣ ሌላው ከፕሮክሲው ተነሥቶ ባክኤንዱ ጋ ያበቃል። ሁለቱ የየራሳቸው ተራ ቁጥር፣ ባፈር (ዳታ የሚጠባበቅበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና ፍጥነት አላቸው። አንዱ ቢሞት ሌላው አያውቅም፤ መርዶውን የሚያረዳው ፕሮክሲው ነው። የኮኔክሽን ሁኔታ አያያዝ ማለት እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች የት እንደደረሱ መዝግቦ መያዝ፣ በአንዱ ላይ የመጣውን ለውጥ በሰዓቱና በትክክለኛው መልኩ ለሌላው ማሳወቅ፣ ሲያበቃም የያዙትን ሁሉ ማስለቀቅ ነው። ኮኔክሽን መክፈቱን ጀማሪም በአንድ ቀን ይጽፈዋል፤ ዓመታት የሚፈጀው መዝጊያው ነው።

በዘርፉ ከታወቁት ሶፍትዌሮች ስኩዊድ (1996)፣ ኤችኤፕሮክሲ (2001)፣ ኤንጂንኤክስ (2004) እና ኢንቮይ (2016) ይጠቀሳሉ፤ ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቀደም ሲል ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ወይም ትሬድ (በውስጡ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ ክር) መመደብ የተለመደ ነበር። በዚያ አሠራር ሁኔታው በትሬዱ ስታክ (የራሱ የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ላይ ስለሚቀመጥ ብዙ አያሳስብም ነበር። በ2000 በፍሪቢኤስዲ ላይ ኬኪው፣ በ2002 በሊኑክስ ላይ ኢፖል የሚባሉት ክስተት አብሳሪ ጥሪዎች ከመጡ ወዲህ አንድ ፕሮሰስ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሶኬቶችን (የኮኔክሽን ጫፎችን) መከታተል ቻለ፤ ስታኩ ይሸከመው የነበረውን መመዝገብ ግን በፕሮግራመሩ ላይ ወደቀ።

የአንድ ሴሽን መዝገብ

ለእያንዳንዱ ሴሽን (የክላየንቱና የባክኤንዱ ኮኔክሽን ጥምር) ፕሮክሲው የሚይዘው መዝገብ ሁለት ፋይል ዲስክሪፕተሮች (ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ለየሶኬቱ የሚሰጣቸው ቁጥሮች)፣ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ባፈር፣ የየአቅጣጫው ደረጃ፣ የሚጠበቁ ታይመሮች፣ ጥያቄው እስከ የት ተነብቦ እንደተተነተነና ስንት ጊዜ እንደተሞከረ የሚያሳዩ መስኮች አሉት። ኤችኤፕሮክሲ ባፈሩን ካልተነገረው በቀር 16,384 ባይት ያደርገዋል። በሁለት ባፈር ሒሳብ፣ 10,000 ሴሽኖች ባፈራቸውን በአንድ ጊዜ ቢይዙ ወደ 330 ሜጋባይት ይፈጃሉ፤ ከርነሉ ለየሶኬቱ የሚይዘው ማኅደረ ትውስታ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ከማኅደረ ትውስታ በፊት የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ዲስክሪፕተር ነው። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች የአንድ ፕሮሰስ መነሻ ገደብ 1,024 ነው፤ ሴሽን ሁለት ስለሚወስድ ከ500 አካባቢ በላይ አይሄድም። በኤንጂንኤክስም የአንድ ዎርከር (የሠራተኛ ፕሮሰስ) የኮኔክሽን ገደብ፣ መነሻው 512፣ የክላየንቱንም የባክኤንዱንም ወገን አብሮ ይቆጥራል፤ ይህን የዘነጋ አቅሙን በእጥፍ ገምቶ ይሸወዳል። ዲስክሪፕተር ሲያልቅ አክሴፕት (አዲስ ኮኔክሽን መቀበያው ጥሪ) ይከሽፋል፣ አዲሱ እንግዳ ግን ከወረፋው አይወጣም። ኢፖልም «ሰው በር ላይ ነው» እያለ መላልሶ ይቀሰቅሳል፤ ፕሮሰሱ ምንም ሥራ ሳይሠራ ሲፒዩውን 100 በመቶ ይበላል። ኤንጂንኤክስ ይህ ሲገጥመው ለ500 ሚሊሰከንድ ያህል አዲስ መቀበሉን ያቆማል። ሌላው ዘዴ አንድ መጠባበቂያ ዲስክሪፕተር ከፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ ሲቸግር መጠባበቂያውን ይዘጉታል፣ እንግዳውን ተቀብለው ያሰናብቱታል፣ መጠባበቂያውን መልሰው ይከፍቱታል።

የዲስክሪፕተር ቁጥር ተመልሶ ሥራ ላይ መዋሉ የሚፈጥረው ስሕተት ለማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ኢፖል በአንድ ጥሪ ሦስት ክስተቶችን አመጣ እንበል፤ ቁጥር 17 የክላየንቱ ሶኬት ተበጥሷል፣ አድማጩ ሶኬት አዲስ ሰዎች መጥተውበታል፣ ቁጥር 23 የዚያው ክላየንት ባክኤንድም ተዘግቷል። ፕሮክሲው የመጀመሪያውን ሲያስተናግድ 17ንም 23ንም ይዘጋል። ሁለተኛውን ሲያስተናግድ ሁለት አዳዲስ ክላየንቶችን ይቀበላል፤ ከርነሉ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ነፃ ቁጥር ስለሚሰጥ 17 እና 23 ይደርሷቸዋል። ሦስተኛው ክስተት ሲደርስ «23 ተዘግቷል» ይላል፤ የሞተው የድሮው 23 ነው፣ የሚገደለው ግን አሁን የገባው ንጹሑ ሰው ነው። ኤንጂንኤክስ ለዚህ ሲል መዝገቡ ለአዲስ ኮኔክሽን በተሰጠ ቁጥር የምትገለበጥ አንዲት ቢት በፖይንተሩ (የመዝገቡን የማኅደረ ትውስታ አድራሻ በያዘው ቁጥር) የመጨረሻ ቦታ ላይ አብሮ ያስመዘግባል፤ ከክስተቱ ጋር የመጣችው ቢት ከመዝገቡ ካልገጠመች ክስተቱን ይጥለዋል። ቀለል ያለው መፍትሔ ደግሞ የሚዘጉትን ሁሉ ሰብስቦ ዙሩ ሲያበቃ መዝጋት ነው።

አዘጋግ

የቲሲፒ ኮኔክሽን 11 ሁኔታዎች አሉት። በ1981 አርኤፍሲ 793 በሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ተደነገጉ፣ ሰነዱም በ2022 በአርኤፍሲ 9293 ተተካ። ለፕሮክሲ ሰው የዕለት ጭንቀት የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው፤ ታይም-ዌይት እና ክሎዝ-ዌይት።

ታይም-ዌይት ቀድሞ የዘጋው ወገን ላይ የሚቀር ነው፤ የዘገዩ ፓኬቶች ከአዲስ ኮኔክሽን ጋር እንዳይደባለቁ ይጠብቃል። በሊኑክስ 60 ሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ ከርነሉ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ በቅንብር አይለወጥም። ብዙ መመሪያዎች የፊን ታይምአውት የሚባለውን ቅንብር ዝቅ አድርጉ ይላሉ፤ እሱ የሚመለከተው ፊን-ዌይት-2 የሚባለውን ሌላ ሁኔታ እንጂ ይህን አይደለም። ችግሩ የሚታየው ፕሮክሲው ለየጥያቄው አዲስ ኮኔክሽን ወደ ባክኤንዱ እየከፈተ ራሱ ሲዘጋ ነው። ሊኑክስ ለወጪ ኮኔክሽን የሚሰጠው ፖርት (በአንድ አድራሻ ላይ ኮኔክሽኖችን የሚለየው ቁጥር) ከ32768 እስከ 60999፣ ማለትም 28,232 ነው። ይህን ለ60 ሲያካፍሉት ከአንድ የምንጭ አድራሻ ወደ አንድ የባክኤንድ አድራሻና ፖርት በሰከንድ ከ470 ኮኔክሽን በላይ አያስኬድም። ከዚያ በኋላ የተጠየቀውን አድራሻ መመደብ አልተቻለም የሚል ስሕተት ሎጉን ይሞላዋል። ሁነኛው መድኃኒት ኮኔክሽኖችን ደግሞ መጠቀም ነው፤ የምንጭ አይፒ መጨመርም ይረዳል። ታይም-ዌይትን በጥድፊያ የሚያስለቅቀው የሪሳይክል ቅንብር ግን ከአንድ የናት (ብዙ ማሽኖች የሚጋሩት) አድራሻ ጀርባ ያሉ ክላየንቶችን ያለ ምክንያት ስለሚያግድ በ2017 ከሊኑክስ 4.12 ጀምሮ ጨርሶ ተነሥቷል።

ክሎዝ-ዌይት የተለየ ነው። ያኛው ወገን ዘግቷል፣ የእኛ ፕሮግራም ግን ክሎዝን አልጠራም ማለት ነው። ከርነሉ ለዚህ ሁኔታ ታይመር የለውም፤ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ለዘላለም ይቆያል። ኤስኤስ በሚባለው የኮኔክሽን መዘርዘሪያ ትእዛዝ ሲታይ ቁጥሩ እየወጣ የማይወርድ ከሆነ ኔትወርኩን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥፋቱ ኮዱ ውስጥ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፊን የሚባለውን ምልክት «ሄጃለሁ» ብለው በመተርጎም ነው። ፊን «ከእንግዲህ አልልክም» ማለት ብቻ ነው፤ ላኪው ገና እያዳመጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ወገን ንባብ ዜሮ ሲመለስ ፕሮክሲው የዚያን አቅጣጫ ንባብ እንዳበቃ ይመዘግባል፤ በባፈር የቀረውን ወደ ሌላው ወገን አራግፎ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በሌላው ወገን ሶኬት ላይ የመጻፊያውን ጎን ሻትዳውን በሚባለው ጥሪ ይዘጋል፤ ተቃራኒው አቅጣጫ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱም አቅጣጫዎች ሲያበቁ ሁለቱ ሶኬቶች ይዘጋሉ። ባፈሩ ሳይራገፍ የዘጋ ፕሮክሲ የፋይሉን ጭራ ይቆርጣል። ኤችቲቲፒ (የዌብ ጥያቄና ምላሽ ደንብ) ላይ ግን ልማዱ ይለያል፤ ኤንጂንኤክስ ምላሹ ሳይደርስ ክላየንቱ ከዘጋ እንደተወው ቆጥሮ በሎጉ ላይ 499 የሚል ቁጥር ያስቀምጣል።

በአርኤስቲ (ኮኔክሽኑን በድንገት በሚሰብር ምልክት) የመጣ መበጠስ ለሌላው ወገን በፊን ተለሳልሶ መነገር የለበትም። ርዝመቱ ያልተገለጸ የኤችቲቲፒ 1.0 ምላሽ ማብቂያው የኮኔክሽኑ መዘጋት ነው፤ ባክኤንዱ መሐል ላይ ተበጥሶ ፕሮክሲው በሰላም ከዘጋ፣ ክላየንቱ ግማሹን ሙሉ ነው ብሎ ይቀበላል፤ አልፎ ተርፎም ካሽ ያደርገዋል (ለሌላ ጊዜ ያስቀምጠዋል)። ትክክለኛው በዚህም በኩል አርኤስቲ መላክ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ክላየንቱ 100 ሜጋባይት እየጫነ ሳለ ፕሮክሲው ከገደብ በላይ ነው ብሎ 413 የሚል የስሕተት ቁጥር መለሰና ዘጋ። ያልተነበበ ዳታ በሶኬቱ ላይ እያለ ክሎዝ ሲጠራ ከርነሉ የሚልከው ፊን ሳይሆን አርኤስቲ ነው፤ እሱም ክላየንቱ ጋ ሲደርስ ገና ያልተነበበውን 413 ይዞት ሊጠፋ ይችላል። ተጠቃሚው የሚያየው «ኮኔክሽኑ ተቋርጧል» የሚል ብቻ ነው። ኤንጂንኤክስ ይህን የሚያስቀረው መጀመሪያ የመጻፊያውን ጎን ዘግቶ፣ የሚመጣውን እያነበበ በመጣል ነው፤ በድምሩ እስከ 30 ሰከንድ፣ በየመሐሉ ዳታ ካልመጣ ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይጠብቅ።

ፍጥነትና ጊዜ

ባክኤንዱ ፈጣን፣ ክላየንቱ ደካማ ሲሆን መሐል ያለው ባፈር ይሞላል። ያለ ገደብ የሚያነብ ፕሮክሲ ማኅደረ ትውስታውን ይጨርሳል። ባፈሩ ሲሞላ ከባክኤንዱ ማንበብ ማቆም ይገባል፤ ያኔ የከርነሉ ባፈር ይሞላል፣ የቲሲፒው መስኮት (ተቀባዩ ልሸከም የሚለው መጠን) ይጠባል፣ ባክኤንዱም ራሱ ይቆማል። ንባብ የሚቀጥልበት መጠን ከሚቆምበት ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ እኩል ከሆኑ ፕሮክሲው በየጥቂት ባይቱ ማቆምና መጀመር ይሆናል ሥራው።

ታይመሮችን በተመለከተ የመነሻ ቁጥሮችን ትርጉም ማወቅ ከቁጥሮቹ ይበልጣል። የኤንጂንኤክስ የባክኤንድ ንባብ ገደብ 60 ሰከንድ ነው፤ የሚለካው ግን በሁለት ተከታታይ ንባቦች መካከል ያለውን ጊዜ እንጂ ምላሹ በጠቅላላ የፈጀውን አይደለም። በየ50 ሰከንዱ አንድ ባይት የሚልክ ባክኤንድ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ስሎውሎሪስ የሚባለው ጥቃት ከክላየንት በኩል ይህንኑ ይጠቀማል፤ የጥያቄውን ሄደር (የመግቢያ መስመሮች) ጠብ እያደረገ ይልካል። ስለዚህ ለሄደሩ በየባይቱ የማይታደስ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚቆጠር የቁርጥ ገደብ ያስፈልጋል። የቲሲፒ ኪፕ-አላይቭ (ዝም ያለው ወገን በሕይወት መኖሩን መፈተሻው) ደግሞ በሊኑክስ መነሻው ለዚህ አይረዳም፤ 7,200 ሰከንድ ጠብቆ በ75 ሰከንድ ልዩነት 9 ጊዜ ይሞክራል፤ የሞተውን ሞቷል ለማለት 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይወስድበታል። መሐል ያለ ፋየርዎል ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ኮኔክሽኑን በዝምታ ሊረሳው ይችላል።

ኮኔክሽን ደግሞ መጠቀም

የባክኤንድ ኮኔክሽን ወደ ፑል (ደግሞ ለመጠቀም የሚቀመጡ ኮኔክሽኖች ስብስብ) የሚመለሰው ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ተልኮ፣ ምላሹ እስከ መጨረሻው ባይት ተነብቦ፣ ከሁለቱ አንዱም እንዘጋለን ካላለ ብቻ ነው። ትንሽ ጥርጣሬ ካለ መዝጋት ነው፤ የአንዱ ምላሽ ትራፊ ለቀጣዩ ሰው ከደረሰ የሌላ ሰው ገጽ፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ሒሳብ ማሳየት ማለት ነው። ፑል ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ኮኔክሽንም መከታተል አለበት። ሳይጠየቅ ባይት ከላከ ይጣላል፤ ፊን ከመጣበትም እንዲሁ።

አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ፣ ሲፈልጉት የማይገኝ 502 (ከባክኤንዱ ትክክለኛ ምላሽ አልተገኘም የሚል ስሕተት) አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ እዚህ ነው። ባክኤንዱ ሥራ የፈታውን ኮኔክሽን ሲዘጋው፣ በዚያችው ቅጽበት ፕሮክሲው አዲስ ጥያቄ ልኮበታል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ሰርቨር ሥራ የፈታ ኮኔክሽን የሚያቆይበት መነሻ 5 ሰከንድ ሲሆን የኤንጂንኤክስ የባክኤንድ ፑል 60 ሰከንድ ያቆያል፤ ሁለቱን እንዳሉ ያገናኘ ሰው ይህን በእርግጠኝነት ያገኘዋል። የፕሮክሲው ገደብ ከባክኤንዱ ያነሰ መሆን አለበት። ደግሞ መሞከርም ይረዳል፣ ግን ለጌት ዓይነቱ (ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ) ጥያቄ እንጂ በራሱ ፈቃድ ለፖስት (ዳታ ለሚልክ) አይሆንም፤ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

ከኤችቲቲፒ 2 ወዲህ

በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ 2 በአንድ ኮኔክሽን ውስጥ ብዙ ስትሪሞችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥያቄና ምላሾችን) አስገባ፤ የየስትሪሙ ሁኔታ ለብቻው ይያዛል። የፍሰት መስኮቱም ለስትሪሙና ለኮኔክሽኑ ለየብቻው ነው፣ መነሻው 65,535 ባይት። አንድ ዘገምተኛ ስትሪም የጋራውን መስኮት ከያዘው ሌሎቹን ያስርባል። በ2023 የታየው ራፒድ ሪሴት ጥቃት የአቆጣጠር ቀዳዳ ነበር፤ ክላየንቱ ስትሪም ከፍቶ ወዲያው ይሰርዛል፣ የተሰረዘው ከክፍት ስትሪሞች ቁጥር ይቀነሳል፣ ከጀርባ የተጀመረው ሥራ ግን ገና አላበቃም። በክዊክ (ቲሲፒን በሚተካ የማጓጓዣ ደንብ) ላይ የተመሠረተው ኤችቲቲፒ 3 ደግሞ ኮኔክሽንን የሚለየው በአይፒና በፖርት ሳይሆን በራሱ መለያ ቁጥር ስለሆነ ክላየንቱ ኔትወርክ ቢቀይርም መዝገቡ ይቀጥላል።

ፕሮክሲውን ማደስ

ቅንብር ሲቀየር ወይም አዲስ ቅጂ ሲጫን ያሉትን ኮኔክሽኖች ሳይበጥሱ መሻገር ያስፈልጋል። አዲሱ ፕሮሰስ አድማጩን ሶኬት ከአሮጌው ይወርሳል፤ አሮጌው መቀበሉን ያቆማል፣ በኤችቲቲፒ 1.1 ምላሾች ላይ እንደሚዘጋ ይገልጻል፣ በኤችቲቲፒ 2 ላይ የመጨረሻውን የሚያስተናግደውን ስትሪም ቁጥር የያዘ ጎአዌይ የሚባል የስንብት መልእክት ይልካል፣ የቀረውን ጨርሶ ይወጣል። አዲሱ ፕሮሰስ ሶኬቱን ሳይወርስ የራሱን በዚያው ፖርት ላይ ከከፈተ ግን አሮጌው ሲዘጋ በወረፋው ላይ የነበሩት ይበጠሳሉ። ዌብሶኬትና በኮኔክት ጥያቄ የተከፈቱ ታነሎች (ዳታ በሁለት አቅጣጫ እንዳለ የሚያልፍባቸው ረጅም መስመሮች) ደግሞ በራሳቸው አያልቁም፤ አሮጌው ፕሮሰስ ማኅደረ ትውስታውን እንደያዘ ለቀናት ይቆያል፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚታደስ ፕሮክሲ ላይም አሥሩ ይደራረባሉ። ኤንጂንኤክስም ኤችኤፕሮክሲም ለዚህ የቁርጥ ቀነ ገደብ ማስቀመጫ ቅንብር አላቸው፤ ሁለቱም ላይ በመነሻው ገደብ የለም፣ አስተዳዳሪው ራሱ መጻፍ አለበት።