ቤትን ከብርድ ለመከላከል የሚገኝ ገንዘብ፦ ጎንደር ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ኮሚቴ አባል ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለባጃጅ መግዣ ብድር የሚጠይቅ ብዙ ሰው አስተናግጃለሁ። እናቱ የምትተኛበትን ክፍል ከብርድ ለመከላከል ብሎ የመጣ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ የሚሰጡኝ መልሶች ይመሳሰላሉ፤ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም። እዚህ የማነሣቸው እነሱን ነው።

«ለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ የለም፤ የፈረንጅ አገር ነገር ነው»

ኢንሱሌሽን ወይም «ሙቀት መከላከያ» የሚል የብድር ቅጽ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። «የቤት ጥገና» ብሎ የጠየቀ ግን በር ይከፈትለታል። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ለቤት እድሳት ያበድራሉ፤ ዕቁብ ለምን እንደምታውለው አይጠይቅህም፤ አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማትም አሉ። ገንዘቡ ያለው በሌላ ስም ነው።

ውጭ አገር መንግሥት ቤቱን ከብርድ ለሚከላከል ሁሉ ገንዘብ ያድላል ሲባል የምንሰማውም የተጋነነ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የመንግሥት ፕሮግራም የሚረዳው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ነው፤ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፣ ሠራተኞች መጥተው ቤቱን መርምረው ይሠሩለታል እንጂ። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2013 በተጀመረው የሕግ ግዴታ ትልልቅ የኤሌክትሪክና የጋዝ አቅራቢዎች የዚህን ዓይነት ሥራ ወጪ ሲሸፍኑ ቆይተዋል፤ ተጠቃሚው ሲለይ የቆየው ግን በቤተሰቡ ገቢና በቤቱ ሁኔታ ነው። ለሁሉም የሚታደል ብር እዚያም የለም።

«ብርዱ የሚገባው በግድግዳው ነው»

ይህኛው ስሕተት ከሁሉም በላይ ገንዘብ ስለሚያባክን ሰፋ አድርጌ ልናገርበት። ሰው ተበድሮ የጭቃ ግድግዳውን ያፈርስና ብሎኬት ያቆማል፤ ጣሪያው ግን ያው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ታኅሣሥ ቤቱ ከድሮው ብሶ ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቱም ግራ ይጋባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ሙቀትን ይዞ አያቆይም፣ አያግድምም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሲነጋ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ብዙ ጊዜ የዝናብ ፍሳሽ አይደለም፤ የተኙት ሰዎች እስትንፋስ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ውኃ ሆኖ ነው። ቀን ደግሞ ያው ቆርቆሮ ፀሐይ ይመታውና ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል።

ጭድ የገባበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ በአንጻሩ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልሠሩትም። የፋሲል ግንብም ቀን በሐሩር ሲገቡበት ቀዝቀዝ የሚለው በዚሁ ነው፤ ድንጋዩ ሙቀትን አግዶ ሳይሆን በውፍረቱ አዘግይቶ። ባለ ቀዳዳው ብሎኬት ግን ያን ያህል ውፍረት የለውም። ጭቃ ቤት ያላችሁ ሰዎች ግድግዳችሁን አትናቁት፤ የተሰነጠቀውን ምረጉት፣ ከጠፈጠፍ ጠብቁት፣ ገንዘባችሁን ወደ ላይ ውሰዱት።

ወደ ላይ ማለቴ ኮርኒስ ነው። ብዙዎች ኮርኒስን ለእንግዳ ማሳያ ጌጥ አድርገው ስለሚያዩት የሚያሠሩት ሳሎን ብቻ ነው፤ አሮጊቷና ሕፃናቱ የሚተኙበት ጓዳ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ ዋና ሥራው በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል ያለውን አየር እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነው፤ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን ያግዳል። ቺፕውድ ከአቡጀዲ ይሻላል፤ አቡጀዲም ከምንም ይሻላል። ከኮርኒሱ በላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሽፋን የሚያስደርግ ሰው ከሽፋኑ አጠገብ ክፍት አየር እንዲኖር ያድርግ፤ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተመታ ጥቅሙ ይጠፋል። ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተት መዝጋት ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው። ብርዱ ሌሊቱን ሙሉ የሚነፍሰው በእሱ በኩል ነው።

ስለዚህ የብድር ማመልከቻ ስትጽፉ «ቤት ለማደስ» ብላችሁ አትተዉት። «የሁለት መኝታ ክፍል ኮርኒስና የጣሪያ ዙሪያ ክፍተት መዝጊያ» ብላችሁ የአናጺውን የዕቃና የእጅ ዋጋ ዝርዝር አያይዙ። ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ እንዳየሁት የተወሰነ ሥራና የተወሰነ ዋጋ የያዘ ማመልከቻ ቶሎ ያልፋል።

«ካርታ ከሌለኝ የሚያበድረኝ የለም»

የይዞታ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ቤቱን ራሱን ለሚያሲዝ ሰው ነው። ለኮርኒስ የሚሆን ገንዘብ ያን ያህል አይጠይቅም። የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚያየው የቆጠብከውን፣ የደመወዝህን መጠንና ዋሶችህን ነው፤ ዝርዝሩ በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይለያያል። በቡድን ዋስትና ማበደርም በክልላችን አዲስ አይደለም፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ነው። ከዚህም ሌላ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል።

«የወለዱ መቶኛ አንድ ከሆነ ዋጋው አንድ ነው»

አይደለም፤ በዚህ የተጎዱ ሰዎችን አውቃለሁ። ለምሳሌ 40,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ ለአንድ ዓመት ተበደርክ እንበል። ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ ብቻ ከተሰላ የምትከፍለው ወለድ 6,000 ብር ነው። በየወሩ ዋናውን እኩል እየመለስክ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን 3,250 ብር ብቻ ነው። መቶኛው ያው 15 ነው፤ ልዩነቱ 2,750 ብር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት «ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በዋናው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአገልግሎትና የመድን ክፍያም ካለ ጨምራችሁ ደምሩት።

«ዕቁብ ሁልጊዜ ከብድር ይሻላል»

ዕጣው ቀድሞ ከወጣልህ ያለ ወለድ የተበደርክ ያህል ነው። መጨረሻ ከደረሰህ ግን ወለድ የማያስገኝ ቁጠባ ነው፤ ሃያ ሰው በየወሩ 2,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ 40,000 ብር የሚሰጥህ በሃያኛው ወር ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ የቺፕውዱ ዋጋ ባለበት አይጠብቅህም። ብርዱ ሳይመጣ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ገና ሲገባ ለዕቁቡ ዳኛ ይንገር። ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው፤ ቀድሞ ለሚወስድ ሰው ዋስ ማዘጋጀትም እንዲሁ።

«ወለድ ስለማልነካ ይህ እኔን አይመለከትም»

ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮችና በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ለዚሁ የተከፈቱ መስኮቶች አሉ። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛና የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ቆርቆሮ፣ ጣውላና ቺፕውድ የሚገዙ ዕቃዎች ስለሆኑ ለዚህ አሠራር ይመቻሉ።

«ተከራይ ነኝ፤ የቀበሌ ቤት ነው፤ ምን ላድርግ?»

ጎንደር ውስጥ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሱና እስከ ዛሬ በቀበሌ የሚከራዩ ብዙ አሮጌ ቤቶች አሉ። የቤቱን አካል ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ መጠየቅ ግን ክልክል አይደለም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የግል አከራይ ያለው ሰው የኮርኒሱ ወጪ ከኪራዩ ላይ በየወሩ እንዲቀነስ መደራደር ይችላል፤ አከራዩም የተሻሻለ ቤት ያገኛል። ይህን በቃል አትተዉት፤ ኋላ በዚህ ምክንያት የተኳረፉ ጎረቤታሞችን አይቼ አዝኛለሁ።

«ለድሆች የሚደረገው እድሳት ተራው ሲደርስ ይመጣል»

በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። የሚታደሰው ቤት የሚመረጠው ግን አስቀድሞ ነው፤ ቤቷ ተቀምጣ የምትጠብቅ ብቸኛ እናት ስሟ ላይነሣ ይችላል። ጎረቤት ሆናችሁ ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ቀበሌ ሄዳችሁ ንገሩላት። ቆርቆሮው ሲለወጥም ኮርኒስ እንዲጨመር አብራችሁ ጠይቁ፤ ዕቃውን የዕድሩ ሰዎች ቢያዋጡ ሥራው በዚያው ጉልበት ያልቃል።

«ከሰል እያለ ምን ወጪ ያስፈልጋል?»

በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ክፍተቶቹን በደንብ የደፈነ ቤት ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ አደገኛ ይሆናል። ኮርኒስ ያሠራ ሰው መተንፈሻ መስኮት ክፍት ያድርግ፤ ከሰል ይዞ ፈጽሞ አይተኛ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በኮርኒሱ ላይ ካለፈ ጭድ ወይም ስፖንጅ አጠገቡ አይደረግ።

«ውጭ ያለው ወንድሜ ከላከልኝ ያበቃል»

የተላከ ብር በበዓል ሳምንት ከደረሰ ለበግና ለቅቤ ይሄዳል፤ ማንንም አልወቅስም፣ ኑሮ ነው። ለወንድማችሁ የብር መጠን ከምትነግሩት የአናጺውን ዝርዝር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፤ ሲልክም በቀጥታ ለዕቃ መደብሩ ይከፈል። በመስከረም የጠየቀ ሰው በጥቅምት ዕቃ ገዝቶ ኅዳር ሳይብት ያስመታል። በታኅሣሥ የጠየቀ ግን ሥራው ሲያልቅለት ብርዱ አልፎ ይሆናል፤ እናቱም ያንን የብርድ ወቅት በጋቢ ተጠቅልላ አሳልፋዋለች።