አይ.ኢ.ፒ ምንድን ነው? ልጅቷ ስታረግዝስ?

አሜሪካ ውስጥ በትምህርቱ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅ ያለው ወላጅ አይ.ኢ.ፒ ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ስብሰባ ይጠራል። የክፍሏ አስተማሪ፣ የልዩ ትምህርት መምህሯ፣ የትምህርት ቤቱ ተወካይ፣ አንዳንዴም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ይመጣል። መጨረሻ ላይ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላል። ብዙ ወላጅ ፈርሞ ይወጣል፤ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

አይ.ኢ.ፒ ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ ነው። ልጅቷ አሁን ምን ደረጃ ላይ እንዳለች፣ በዓመቱ መጨረሻ የት መድረስ እንዳለባት፣ ትምህርት ቤቱም ለዚህ ምን እንደሚያደርግላት ይሰፍርበታል። በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ከልዩ ትምህርት መምህር ጋር፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ የንግግር ሕክምና፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ እያለ ይዘረዝራል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው፤ ዛሬ አይ.ዲ.ኢ.ኤ ይባላል። ስለዚህ ዕቅዱ ችሮታ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተጻፈውን የመፈጸም ግዴታ አለበት።

አሁን አይ.ኢ.ፒ ያላት የ16 ዓመት ልጅ አረገዘች እንበል። ወረቀቱ ላይ ስለ እርግዝና አንድ ቃል የለም። ጠዋት ጠዋት ያጥወለውላታል፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። የልዩ ትምህርት መምህሯን የምታገኘው ደግሞ በዚያው ክፍለ ጊዜ ነው። ከክሊኒክ የሚሰጣትን ወረቀት ማንበብ ይከብዳታል፤ አይ.ኢ.ፒ የተሠራላትም እኮ ማንበብ ስለሚከብዳት ነው። ሌላ ተማሪ ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ የሚያካክሰው ትምህርት ለእሷ በዋዛ አይመለስም። ቤት ውስጥ ደግሞ «ሰው ምን ይላል» አለ። ትንሽ ቀን ቤት ትቆይ ይባላል፤ ትንሹ ቀን ወር ይሆናል።

ትምህርት ማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሕይወቷ ተለውጧል፣ ዕቅዱ ግን ባለበት ቆሟል። ሲ.ዲ.ሲ የሚባለው የአሜሪካ የጤና ተቋም ባወጣው መረጃ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከወለዱ ሴቶች እስከ 22 ዓመታቸው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚይዙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ካልወለዱት ግን 90 በመቶ ያህሉ ይይዛሉ። ይህ የሁሉም ተማሪዎች ቁጥር ነው። መጀመሪያውኑ ድጋፍ ለሚያስፈልጋት ልጅ መንገዱ ይብስ ይከብዳል።

እርግዝና አይ.ኢ.ፒን አይሰርዝም። ከዚህ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ከለላ ይሰጣታል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላረገዘች ሊያባርራት አይችልም። ለእርጉዞች የተለየ ፕሮግራም ካለም የምትገባው ፈቃዷ ከሆነ ብቻ ነው። ሐኪም ያስፈልጋታል እስካለ ድረስ መቅረቷ ሊፈቀድላት፣ ስትመለስም በነበረችበት ደረጃ ልትቀጥል ይገባል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ዓመታዊውን ስብሰባ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለት መስመር ጻፉ፦ «በልጄ ሁኔታ ላይ ለውጥ ስላለ አይ.ኢ.ፒዋን ለማሻሻል ስብሰባ ይጠራልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን ያዙ። ወላጅ ስብሰባው እንዲገባው ማድረግ የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው፤ አስተርጓሚም የሚመጣው በእነሱ ወጪ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለአማርኛ አዲስ አይደሉም። እባካችሁ ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጓት። ስለ ራሷ እርግዝና በእናቷና በመምህሮቿ መሀል እንድትተረጉም ማድረግ ግፍ ነው።

ስብሰባው ላይ የድጋፉ ሰዓት ወደ ከሰዓት ይዛወር፣ ከወሊድ በኋላ ቤት ውስጥ ትምህርት ይሰጣት ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግቦቹም ይለወጡ። ከ16 ዓመት ጀምሮ አይ.ኢ.ፒ ከትምህርት ቤት በኋላ ስላለው ሕይወት ማቀድ አለበት፤ ልጅ ማሳደግም እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሒሳብ ግቧ መለካት ከሆነ የሕፃን ወተት ጣሳ ላይ ያለውን መመሪያ ትለማመድበት። በአብዛኛው ለ2 አውንስ ውሃ 1 ማንኪያ ዱቄት ነው፤ ለ6 አውንስስ? ይህ ለእሷ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ይበልጣል።

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በተለይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ስታረግዝ፣ ከቁጣ በፊት መጠየቅ ያለበት ፈቅዳ ነው ወይስ ተገዳ ወይም ተታላ የሚለው ነው። እንደ እሷ ያሉ ልጆች ለጾታዊ ጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። መምህራን ጥቃት ከጠረጠሩ ሪፖርት የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ሌሎቹ ስለ ሰውነታቸው ሲማሩ እሷ ለድጋፍ ከክፍል ወጥታ ከነበረም ማንም አላስረዳትም ማለት ነው። በሚገባት ቋንቋ የጤና ትምህርት እንዲሰጣት ገና በ12 ዓመቷ አይ.ኢ.ፒዋ ላይ ማስጻፍ ይቻላል።

ሀገር ቤት ልላካት የሚል ወላጅም አለ። አይ.ኢ.ፒ ግን ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም፤ ያ ሁሉ ድጋፍ እዚሁ ይቀራል።

ካቋረጠችም መመለስ ትችላለች። መደበኛውን ዲፕሎማ እስካልያዘች ድረስ መብቷ እስከ 21 ዓመቷ አካባቢ ይቆያል፤ የመጨረሻው ዕድሜ እንደየስቴቱ ይለያያል። ጂ.ኢ.ዲ የሚባለውን፣ በዲፕሎማ ፈንታ የሚወሰደውን ፈተና መውሰዷ ይህን መብት አያስቀርባትም። በብዙ ስቴቶች 18 ሲሞላት የመወሰን መብቱ ወደ እሷ ስለሚተላለፍ ለመመለስ የሚጻፈውን ጥያቄ ራሷ ብትፈርመው ጥሩ ነው። የምታስገባው ለቀድሞ ትምህርት ቤቷ ወይም በሰፈሯ ላለው የትምህርት ዲስትሪክት የልዩ ትምህርት ክፍል ነው።