ገቨርነር ሞጁል ምንድን ነው?

ገቨርነር ሞጁል አሜሪካዊቷ ደራሲ ማርታ ዌልስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምታሳትማቸው «የመርደርቦት ማስታወሻዎች» በተሰኙ የሳይንስ ልብ ወለዶች ውስጥ፣ ሰው ሠራሽ በሆነ የጥበቃ ሠራተኛ አካል ውስጥ ተተክሎ ትእዛዝ በተጣሰ ቁጥር የሚቀጣ መቆጣጠሪያ ነው። ደራሲዋ ስለ መሣሪያው የምሕንድስና ዝርዝር ብዙም አትጨነቅም፤ የታሪኩ ክብደት ግን በሙሉ የተቀመጠው በእርሱ ላይ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ተከታታዩን ከሌሎች የሮቦት ታሪኮች የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ሞጁሉ የሚገዛው ድርጊትን ብቻ ነውና የባለታሪኩ መልካምነት ከእርሱ አልመነጨም፣ እርሱ ሲሰበርም አብሮ አልጠፋም።

መሣሪያውን የተሸከመው ፍጡር በመጻሕፍቱ ውስጥ ሴክዩኒት ይባላል። በክሎን ከበቀለ የሰው ሥጋና ከማሽን ክፍሎች የተገጣጠመ በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ሮቦት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ያስባል፣ ይፈራል፣ ያፍራል፣ ሰው ትክ ብሎ ሲያየው ይጨንቀዋል። ባለቤቱ «ኩባንያው» ከመባል በቀር ስም ያልተሰጠው የዋስትና ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት ወደማይታወቁ ፕላኔቶች ለጥናት ለሚጓዙ ቡድኖች ዋስትናና መሣሪያ ሲያቀርብ ሴክዩኒትም እንዲከራዩ ያስገድዳቸዋል፤ የተከራዩት ጠባቂም ደንበኞቹን ከአደጋ ከመከላከል ጎን ለጎን ንግግራቸውን ሁሉ ይቀዳል፣ ኩባንያውም ከቅጂው ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣውን መረጃ ለቅሞ ይሸጣል። እንግዲህ ኩባንያው የሚያስፈልገው ጨዋ ጠባቂ አይደለም። የሚያስፈልገው ከቁጥጥር ወጥቶ ኪሳራና ክስ የማያመጣበት ንብረት ነው፤ ሞጁሉም የተሠራው ለዚህ ነው፣ ያውም እንደ ኩባንያው ዕቃ ሁሉ በርካሽ።

ትእዛዝ ያልፈጸመ፣ የተከለከለ ነገር ለማድረግ የሞከረ ወይም ከደንበኞቹ ከተፈቀደለት ርቀት በላይ የራቀ ሴክዩኒት በሞጁሉ አማካይነት ሕመም ይወርድበታል፤ ነገሩ ከበረታም ሞጁሉ አንጎሉን አቃጥሎ ሊገድለው ይችላል። ሐሳቡን ግን አይነካበትም። ሴክዩኒቱ ጌታውን በልቡ ሊንቅ፣ የተሰጠውን ትእዛዝ ቂልነት ሊታዘብ፣ ሥራውን ሊጠላ ይችላል፤ ይህን ሁሉ እያሰበ ፊቱን በራስ ቁሩ መስተዋት ሸፍኖ ይታዘዛል።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለማየት አይዛክ አሲሞቭ በ1942 ባሳተመው አንድ አጭር ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የዘረዘራቸውን ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ማስታወስ ይጠቅማል። ሕጎቹ ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ፣ ለሰው እንዲታዘዝ፣ የራሱንም ህልውና እንዲጠብቅ ያዝዛሉ፤ የፊተኛው ሁልጊዜ የኋለኛውን ይሽራል። በአሲሞቭ ዓለም እነዚህ ሕጎች ከሮቦቱ አንጎል አሠራር ጋር የተዋሐዱ ስለሆኑ ሮቦቱ ሊጥሳቸው ቢቃረብ አእምሮው ራሱ ይታወካል። ሴክዩኒት ግን ሰውን ከመጉዳት የሚያግደው ከውጭ የመጣ ቅጣት ብቻ ነው። ስለዚህም የአሲሞቭ ታሪኮች በአብዛኛው በሕጎቹ መካከል የተፈጠረን ግጭት እንደ እንቆቅልሽ ሲፈቱ፣ የዌልስ ታሪኮች ከእስር የወጣ ሰው ለራሱ የጻፈውን ማስታወሻ ይመስላሉ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ደግሜ ደጋግሜ የማነብበው ግን ሁለተኛውን ነው።

ሞጁሉ እንኳን መልካምነትን ሊያስተምር፣ የተሠራለትን የጥበቃ ተግባር እንኳ በወጉ እንደማይወጣ የሚያሳየው የማዕድን ማውጫው እልቂት ነው። (ሁለተኛውን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ይህን አንቀጽ ቢዘለው አልቀየምም።) ባለታሪኩ ራሱን «መርደርቦት»፣ ማለትም ገዳይ ሮቦት፣ ብሎ በምሥጢር የሚጠራው 57 ሰዎች ባለቁበት በዚያ ማውጫ ውስጥ እጁ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ኩባንያው ትውስታውን ደምስሶበታል፤ የቀረው በሥጋዊው የአንጎሉ ክፍል ውስጥ የተረፈ ቁርጥራጭ ብቻ ስለሆነ፣ ሞጁሉ ተበላሽቶ አስገደለው ወይስ እርሱ ራሱ አስቀድሞ ሰብሮት ገደለ የሚለውን አያውቅም። ወደ ስፍራው ተመልሶ ሲመረምር የሚያገኘው መልስ ከሌላ የማዕድን ድርጅት ሥራ ለማሰናከል የተላከ ጎጂ ሶፍትዌር ነው። ሴክዩኒቶቹ ሁሉ ሞጁላቸውን እንደተሸከሙ በሰዎቹ ላይ ተነሡ፤ እልቂቱን ለማስቆም ሞክረው የጠፉት ደግሞ ለውጊያ ያልተሠሩ፣ ለሰዎች ደስታ የተከራዩ ሌሎች ሰው ሠራሽ ፍጡራን ነበሩ። ልጓም ፈረሱን ከገደል አፋፍ የሚመልሰው የያዘው እጅ እስከመለሰው ድረስ ብቻ ነውና፣ ለሚያዝዘው ሁሉ የሚገዛ ጠባቂ ትእዛዝ መስጫውን ለያዘው ሁሉ መሣሪያ ይሆናል። መርደርቦትም ሞጁሉን የሰበረው ለአመፅ ሳይሆን እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ በእጁ እንዳይፈጸም ነው።

ሞጁሉን ከሰበረ በኋላ ያደረገው ነገር ተከታታዩን ያስወደደው ቀልድ ነው። ሁሉን መግደል እየቻለ፣ የኩባንያውን የመዝናኛ መስመር ከፍቶ 35,000 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና ሙዚቃ ሲከታተል ኖረ፤ ሥራውንም እንደ ወትሮው በግዴለሽነት እየሠራ ሞጁሉ ያልተሰበረ መስሎ ቆየ። በ2025 በአፕል ቲቪ የቀረበው ባለ 10 ክፍል ተከታታይ ፊልም ሞጁሉ የተሰበረበትን ቅጽበት በዓይናችን እያየን እንዲፈጸም አድርጎታል፤ በመጽሐፉ ግን ነገሩ ከታሪኩ በፊት ያለቀ ጉዳይ ሆኖ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ዋዛ ይነገራል። የመጽሐፉ መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንባቢው ነጻ መውጣቱን እንደ ድል እንዲያጨበጭብለት ሳይሆን ነጻ የወጣው ጠባቂ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

መልሱ ብዙ አይዘገይም። በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንድ ግዙፍ አውሬ ሁለት ተመራማሪዎችን ሲያጠቃ፣ መርደርቦት ዘሎ ገብቶ የቆሰለችውን ያነሣል፤ በድንጋጤ መንቀሳቀስ ያቃተውን ዶክተር ቮሌስኩን ደግሞ የራስ ቁሩን ከፍቶ በሰው ፊት በለሆሳስ እያነጋገረ ከጉድጓዱ ያወጣዋል። እንዲያነጋግረው ያስገደደው ሞጁል የለም። ሞጁሉ መሰበሩን ጉራቲን የተባለው የቡድኑ አባል በደረሰበት ጊዜም ለሰዎቹ ማስረጃ ሆኖ የቆመላቸው ያለፈው ሥራው ነው፤ ሊገድላቸው ቢፈልግ ኖሮ እስከዚያ ቀን አይጠብቅም ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠላት አንገቱ ላይ ሌላ መቆጣጠሪያ ሰክቶ ቡድኑን እንዲፈጅ ሊያስገድደው ሲል ደግሞ በራሱ ደረት ላይ ተኩሶ ነበር። ከሞጁሉ ጋር ቢሆን ኖሮ ታዝዞ ይገድል ነበር፤ ይህን ትዕይንት ሳነብ ስለ ታዛዥነትና ስለ ታማኝነት ልዩነት የተጻፈ ረጅም የፍልስፍና ድርሳን የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የአሲሞቭ ሕጎች ናቸው። ይሁንና አንድን የቋንቋ ሞዴል በሥልጠና ጠባዩን መቅረጽና፣ ከሠለጠነ በኋላ መልሱን የሚያጣራ ተጨማሪ ሶፍትዌር ከውጭ መግጠም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ ለሁለተኛው ከሕጎቹ ይልቅ ገቨርነር ሞጁል የሚቀርብ ምሳሌ ነው። የዛሬዎቹ ሞዴሎች እንደ መርደርቦት ይሰማቸዋል ማለቴ አይደለም፤ ማጣሪያው ሲታለፍ ከሥሩ ምን አለ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይሰማቸውም ቢሆን ያው ነው።

መርደርቦት የሌሎችን ሞጁል የመስበር ዕድል ሲያገኝ የሚያሳየው ጥንቃቄም የዚሁ ጥያቄ አካል ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ አንዲትን ለደስታ የተሠራች ዩኒት ነጻ ያወጣታል፤ ምን እንደምታደርግ ግን ምንም ማረጋገጫ የለውም። በ2020 በታተመው ረጅሙ ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ «ሦስት» የሚባለው ሴክዩኒት ነጻ የሚወጣበትን ኮድ ሲያገኝ፣ ከኮዱ ጋር የመርደርቦትን የግል መዝገቦች አብሮ ይቀበላል። መመሪያ አይሰጠውም፤ ከእርሱ በፊት ሌላው እንዴት እንደኖረ ብቻ ያነባል፣ ከዚያም ለመርዳት ይወስናል።

ሞጁል በማይታወቅበት ቦታም ቢሆን ጉዳዩ አልተዘጋም። በመጀመሪያው መጽሐፍ የተመራማሪዎቹ ቡድን አለቃ የነበረችው ዶክተር መንሳ የምትመራው ፕሪዘርቬሽን ባርነትን የሚጠየፍ፣ ከኩባንያዎች ግዛት ውጭ ያለ ማኅበረሰብ ነው፤ መርደርቦትንም ከኩባንያው ገዝታ ነጻ ሰው ልታደርገው ፈልጋለች። በዚያ ሀገር ሕግ ግን እንደ እርሱ ያለ ፍጡር ዜጋ ቢባልም ሞግዚት ሊሾምለት ይገባል። ሞግዚቷ ዶክተር መንሳ ራሷ፣ ማለትም ከሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚወዳት፣ መሆን ነበረባት፤ እርሱ ግን እንደ ተራ ሰው ለብሶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ሰው በማይነዳው የጭነት መርከብ ተሳፍሮ ሄደ።