ፊንላንድ በጎጃም፦ ከውሃ ጉድጓድ እስከ ይዞታ ደብተር

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ በአንድ ላይ 5.2 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራቸው። በዚያው ጊዜ የፊንላንድ ሕዝብ 5.3 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በሰው ብዛት ብቻ ከሄድን ፊንላንድ ማለት አንድ ጎጃም ናት። ይህች ትንሽ አገር ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ዓባይ በከበበው ምድር ላይ ውሃ ስታስቆፍር፣ የመሬት ምዝገባ ስትደግፍ፣ የድንችና የሽንኩርት ገበያ ለማሻሻል ስትደክም ኖራለች። ከስዊድን ወይም ከጣሊያን ጋር ሲነጻጸር ስሟ ብዙም አይነሣም። ሥራዋ ግን በየቀበሌው አለ።

የትንሽ አገር ብልሃት

ፊንላንድ እስከ እ.ኤ.አ. 1917 ድረስ በሩሲያ ነገሥታት ሥር ነበረች። ነጻ ስትወጣም ጎረቤቷ አልተለወጠም፤ የሚያዋስናት ድንበር 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በኅዳር 1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በወረረቻት ጊዜ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ ወራሪዋን ከአባልነት አስወጣና ከዚያ ወዲያ እጁን አጣጠፈ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዚያው ማኅበር አቤቱታቸውን ካሰሙ ገና ሦስት ዓመት ተኩል መሆኑ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች በአካል የሚያገናኝ ሰውም አለ፤ ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አውሮፕላን አበረረ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ለፊንላንድ ተሰልፎ ተዋጋ።

ፊንላንድ ቀጥሎ የመጣውን ጦርነት ከጀርመን ጎን ሆና ተዋግታ ተሸነፈች። 300 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተጣለባትና በመርከብ፣ በማሽንና በእንጨት ውጤት ስትከፍል ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1952 ጨረሰች። አሜሪካ ለአውሮፓ ያቀረበችውን የማርሻል እርዳታ ሞስኮን ላለማስቀየም ስትል አልተቀበለችም። ልጆቿ ግን በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በኩል የወተት ዱቄት ተሰፍሮላቸዋል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1868 በደረሰ ረሃብ ከሕዝቧ ስምንት ከመቶ ያህሉ አልቋል፤ ሰው የጥድ ልጥ ፈጭቶ ከዱቄት ጋር እየቀላቀለ ጋግሮ በላ። የእኛ አያቶች የ1880ዎቹን ዓ.ም. ረሃብ «ክፉ ቀን» እንዳሉት እነርሱም የራሳቸው ክፉ ቀን ነበራቸው ማለት ነው።

የፊንላንድ የውጭ ፖለቲካ ከዚህ ተሞክሮ የተቀዳ ነው። ጉልበተኛ ጎረቤት ያለው ትንሽ አገር ጋሻው ዓለም አቀፍ ሕግና ብዙ ወዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተባበሩት መንግሥታት አባል ከሆነች በኋላ ፊንላንድ በገለልተኝነት፣ በሽምግልናና በሰላም አስከባሪነት ስም አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1975 የምሥራቁና የምዕራቡ ጎራ መሪዎች ሄልሲንኪ ላይ ተሰብስበው ስምምነት ፈረሙ። ናሚቢያን ወደ ነጻነት በማድረስ የተባበሩት መንግሥታትን ወክለው የሠሩት ማርቲ አህቲሳሪ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፔካ ሃቪስቶ በትግራይ ጦርነት ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት መልእክተኛ ሆነው አዲስ አበባ ተመላልሰዋል። ገለልተኝነቱ ግን አልዘለቀም። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ኔቶ ገባች።

የልማት እርዳታዋ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 ከመቶ ለእርዳታ እንዲሰጡ የሚጠይቀውን ዓለም አቀፍ ልክ ፊንላንድ ያለፈችው እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ቸርነቷ ስለጨመረ ሳይሆን ኢኮኖሚዋ በድንገት ስለወደቀ የመጣ ስሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 0.6 የተጠጋው ድርሻ አዲስ መንግሥት በጀት ሲቀንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 0.44 ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥልጣን የያዘው መንግሥትም እንደገና ቆርጧል። ሄልሲንኪ ላይ የሚካሄድ ምርጫ ሜጫ ውስጥ የሚቆፈር ጉድጓድ ቁጥር ላይ እጁን ያሳርፋል። ለጋሽና ተቀባይ ሲባል ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ስንዴ ያልሆነ እርዳታ

እርዳታ ሲባል በአገራችን ቶሎ ትዝ የሚለው ስንዴና ዘይት ነው። ጎጃም ግን የጤፍ፣ የበቆሎና የዳጉሳ አገር ነው፤ የሰብአዊ እርዳታ መኪና በብዛት የሚሄደው ወደ ወሎና ወደ ምሥራቅ ነበር። ፊንላንድም የሰብአዊ እርዳታ ገንዘቧን የምታወጣው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ በቀይ መስቀልና በጥቂት የራሷ ድርጅቶች በኩል ነው። ጎጃም የደረሰው ሌላው ክፍል፣ ማለትም ዓመታት የሚፈጅ የልማት ትብብር ነው።

ረሃብ ጎጃምን የነካው በሌላ መንገድ ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ደርግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች አንሥቶ ጉሙዞች በሚኖሩበት መተከል፣ ፓዌ ላይ አሰፈረ። መተከል ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር። የጣሊያን መንግሥት በገንዘብ፣ የጣሊያን ኩባንያ ሳሊኒ በሥራ ተቋራጭነት ገቡና የጣና በለስ ፕሮጀክት ተብሎ ትራክተር፣ ፋብሪካ፣ መንገድና ሆስፒታል በአንድ ጊዜ ጫካው መሐል ተተከለ። ሆስፒታሉ ዛሬም ያገለግላል። ማሽኑ ግን መንግሥት ሲለወጥና ጣሊያኖቹ ሲወጡ የዝገትና የዘራፊ ሲሳይ ሆነ። የፊንላንድን ሥራ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ትልቅ ገንዘብ ያላት አገር ትልቅ ነገር ተከለች፣ ትንሿ አገር ግን ያን የማድረግ አቅምም አልነበራት።

ቦርሳው ሲሻገር

የፊንላንድ ዋና ሥራ በጎጃም በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም ነው። በአማራ ክልል በአራት ምዕራፍ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮጀክት ነበር፦ ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ቦታ የሚመርጠው ፕሮጀክቱ ነበር፤ ገበሬው የሚጠራው ለምረቃው ነው። ጉድጓዱም «የፕሮጀክቱ ጉድጓድ» ሆኖ ይቀራል፤ ሲበላሽ ባለቤቱ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።

ለውጡ የመጣው በ1995 ዓ.ም. (በ2003 እ.ኤ.አ.) ነው። ገንዘቡ ራሱ ለመንደሩ ይሰጥ ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ተሰብስበው ሴቶች ያሉበት የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ቦታ ይጠቁማሉ፣ ለወረዳው ያመለክታሉ። የወረዳው ባለሙያ አይቶ ሲያጸድቅ ስምምነት ይፈረማል፤ ገንዘቡም በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሰው ሁሉ «አብቁተ» በሚለውና በኋላ ጸደይ ባንክ በሆነው ተቋም በኩል ይላካል። ኮሚቴው በየደረጃው እያወጣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ከአካባቢው የሠለጠነ ግንበኛ ይቀጥራል። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት የመንደሩ ነው። ለወደፊት ጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ አዋጥቶ መቆጠብ ግዴታ ነው፤ ያላዋጣ ሥራ አይጀመርለትም።

ማንበብ የማይችል ገበሬ የመንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ሲሚንቶ ይግዛ ሲባል ብዙ የቢሮ ሰው መደንገጡ አይቀርም። ጎጃምን የሚያውቅ ግን አይደነግጥም። ዕድር ሙሴና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሰንበቴ ተራ አለው፣ ደቦና ወንፈል ያለ ጽሑፍ ይቆጠራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ዛፍ ሥር የሚገናኙ ሰዎች መሐል የሲሚንቶ ብር አጥፍቶ መኖር ከባድ ነው። ፊንላንዶች ይህን ማኅበር አልፈጠሩትም። ቦርሳውን ግን አሻገሩለት። በዚህ መንገድ ከተሠሩት የውሃ ተቋማት ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አገልግሎት እየሰጡ መገኘታቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል።

ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ኮዋሽ የተባለው ፕሮጀክት ይኸንኑ አሠራር ይዞ ወደ ትግራይ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ፤ መንግሥትም በአገር አቀፍ የውሃና ንጽሕና መርሐ ግብሩ ውስጥ ካስገባቸው የአሠራር መንገዶች አንዱ አደረገው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በኮዋሽ ዘመን የፊንላንድ ገንዘብ በዋናነት ለሥልጠናና ለአቅም ግንባታ ሲውል ለግንባታው የከፈሉት በአብዛኛው የክልል መንግሥታት ናቸው። በሰሌዳው ላይ የሰማያዊ መስቀል ባንዲራ ስላለ ሲሚንቶው ከሄልሲንኪ መጣ ማለት አይደለም።

ጉድጓዱን ጠጋ ብሎ ላየ ነገሩ ቀላል ነው። በእንጨት አጥር የተከበበ፣ በር ያለው፣ በሩ ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት። ጠዋትና ማታ ጠባቂው ሲከፍት ቢጫ ጀሪካኖች በመጡበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ራቅ ብለው ቢያወሩም ተራ አይጠፋም። መሐል ላይ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ቆሟል። ይህ ፓምፕ የተመረጠው ገበሬ ራሱ በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። የታችኛው ጎማ ሲያረጅ መጀመሪያ የምታውቀው ጠዋት ቀድማ የምትደርሰው ሴት ናት፤ እጀታው እየተነሣ ይወርዳል፣ ውሃው ግን አሥርና ሃያ ጊዜ ከተመታ በኋላ ነው የሚመጣው። ያን ዕለት ኮሚቴው ቁጠባውን ካልከፈተ በሳምንቱ እጀታው በባዶው ይመታል።

መሬት ሲለካ

ሌላው ሥራ መሬት ነው፤ በጎጃም ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ ለልኬትና ለመዝገብ ርስቴን አልሰጥም ብሎ ተነሣ። አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻም አገረ ገዢው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ድልድል ተደርጎ በቀድሞ ሥርዓት «ቢሮክራት» ነበራችሁ የተባሉት አብዛኛውን ይዞታቸውን አጡ። ቂሙ ዛሬም ከብዙ ቤት አልወጣም።

በዚህ ምድር ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን በምሥራቅ ጎጃም የደገፈችው ስዊድን ናት። ባልና ሚስት ፎቷቸው ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ተሰጣቸው። ለሴቶች ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ፍቺ ሲመጣ ፎቶ ይመሰክራል። ድንበሩ ግን በደብተሩ ላይ ካርታ አልነበረውም፤ የአዋሳኞች ስም ብቻ ነበር። ፊንላንድ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሪላ በተባለው ፕሮጀክት የገባችው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ከሰማይ የተነሣ ምስል ታትሞ ይመጣል፣ ገበሬውና አዋሳኞቹ አብረው ድንበሩን ይዞራሉ፣ መስመሩ በምስሉ ላይ ይሰመራል፣ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ በአደባባይ ይለጠፋል። ይህን መረጃ የሚይዘው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዘረጋም የሪላ ድርሻ ነበረበት።

ካርታው የድንበር ክርክርን ማሳነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ካርታ ፈራጅ አይደለም፤ በተለካበት ቀን መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ይጽፋል። በ1989 ከተወሰደበት መሬት አጠገብ ቆሞ ድንበር የሚያሳይ ሽማግሌ፣ ምስሉ ላይ የሚሰመረው መስመር በደሉንም በቀለም የሚያጸና ሆኖ ይታየዋል። ይህን ማንም ለጋሽ አገር ሊፈታው አይችልም፤ ሊያውቀው ግን ይገባል።

ገበያው በአጭሩ

ከ2005 ዓ.ም. በኋላ አግሮ ቢግ የተባለ፣ ፊንላንድ የምትደግፈው የእርሻ ንግድ ፕሮግራም በሜጫና በፎገራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። ሜጫ የተመረጠችው በቆጋ ምክንያት ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ መራዊ አጠገብ የተሠራው ግድብ 7,000 ሔክታር ለማጠጣት የታቀደ ነው። ውሃው መጣ፣ ሽንኩርቱም በረከተ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወጣ ግን ዋጋው የጆንያውን ያህል እንኳ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ፕሮግራሙ ብድር፣ የማኅበራት ድጋፍና የገበያ ትስስር ይዞ ገባ። በጎ ሥራ ነው፤ ደላላው ግን አሁንም መንገድ ዳር አለ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት የውጭ ባለሙያ እንደ ልቡ ወረዳ የሚወርድበት ጊዜ አልፏል። ጉድጓዱ ባለሙያ አይፈልግም፤ ኮሚቴው እዚያው ነው፣ መፍቻውም ጠባቂው ቤት ተሰቅሏል። የአፍሪዴቭ ጎማ ግን ከከተማ መምጣት አለበት። መንገድ ሲዘጋ ጀሪካኑ ወደ ድሮው ምንጭ ይወርዳል፣ ከብቶቹ ከሚጠጡበት።