ዋልታና ማገር የሚባለው ማን ነው?

ጅማ ውስጥ ሠርግ ላይም ስብሰባ ላይም «የቤተሰባችን ዋልታና ማገር» ሳይባል አይታለፍም። የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ለሰጠ ወይም ከፊት ለቆመ አንድ ትልቅ ሰው ነው። እሱ ምሰሶ ነው። ምሰሶ መባልም ክብር ነው፤ የማገር ሥራ ግን ሌላ ነው።

ዋልታው የሣር ጣራ ነገር ስለሆነ ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ የሚያውቀው ቀንሷል። ማገር ግን ዛሬም ከሰርቦ እስከ አጋሮ በጭቃ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ አለ። ቋሚው ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይተከላል፤ እግሩን ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ከዚያ ቀጭን ወይም የተሰነጠቀ እንጨት ከውስጥም ከውጭም አግድም እየተደረደረ በልጥ፣ በሐረግ ወይም በሚስማር ይያዛል። የግድግዳው ርብራብ ይኸው ነው።

ባለሙያ የሚለየው በክፍተቱ ነው። አንድ ስንዝር ገደማ ይበቃል። ከሰፋ ጭቃው በራሱ ክብደት ይዘረገፋል። ከጠበበ ደግሞ የውጩ ምርጊት ከውስጡ ጋር ስለማይገናኝ ሲደርቅ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ከታሰረ፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ማሰሪያው ይላላል፤ ያኔ ግድግዳው ሆድ ያወጣል። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልቦካ መሰነጣጠቁ አይቀርም። ለዚህ ሁሉ የጅማ ዝናብ ጋብ ማለት አለበት፤ ከጥቅምት በፊት መጀመር ድካም ነው።

አባባሉ የተወለደው፣ በእኔ እምነት፣ ከምርጊቱ በፊት ባለችው ቀን ነው። ማገር ያልተመታበት ቋሚ በአንድ እጅ ሲገፉት ይወዛወዛል። ማገሩ ከታሰረ በኋላ ግን አንዱን ቢገፉ የግድግዳው ቋሚ ሁሉ አብሮ ይመክታል። መጀመሪያ ሰውን ማገር ብሎ የጠራው ይህን ያየ ግድግዳ ሠሪ ይመስለኛል። በማግስቱ ጭቃው ይመጣና ማገሩን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱን ያቆመው ማን እንደሆነ እንግዳ አያይም። ሙገሳው የተሰጠው ሌሎችን እርስ በርስ ላያያዘና ራሱ ላልታየ ሰው ነው፤ ግድግዳው ምስክር ነው።

ስለዚህ «ብቸኛው ማገራችን» ማለት ይቅር። አንድ ማገር ብቻውን ጭቃ አይሸከምም። ቃሉ የሚገባው የተኳረፉ ወንድማማቾችን ለምታስታርቅ እህት፣ የእድሩን መዝገብ በየወሩ ለሚይዝ ጸሐፊ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስባ ለምትውል ጎረቤት ነው። እነሱ መድረክ ላይ አይወጡም፤ ሙገሳውን ቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው።