ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ በአልትራሳውንድ እያዩ ከመገጣጠሚያ ናሙና መውሰድ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነፍሰ ጡር ሆድ ነው። ይኸው መሣሪያ ግን የእጅ አንጓና ጉልበትም ይመረምራል፤ በተለይ ሩማቶይድ አርትራይተስ ላለበት ሰው። በሽታው በሰፈር ወሬ ከሪህ ጋር ይምታታል። ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ ሲጠራቀም ነው። ሩማቶይድ ግን የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲዘምት ነው። በዋናነት የሚያጠቃውም ሲኖቪየምን፣ ማለትም መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቆጣ ይወፍራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል፣ ውሎ አድሮ ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል።

ጥቁርና ነጩ የአልትራሳውንድ ምስል የሽፋኑን ውፍረት ያሳያል። ፓወር ዶፕለር የሚባለው ደግሞ የደም ፍሰቱን በቀለም ያወጣዋል። ሁለቱም ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ የእጅ ጥበብ ያስፈልጋል፦ መርማሪው መሣሪያውን ትንሽ ጫን ካደረገው ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቁና ቀለሙ ድርግም ይላል። የተቆጣው መገጣጠሚያ ደህና መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ምስሉ ብግነቱ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ የትኞቹ ሴሎች እንዳስነሱት አይናገርም። ለዚያ ሥጋውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ድሮ ናሙና መውሰጃው መርፌ በግምት ይገባ ነበር፤ አለዚያም በአርትሮስኮፒ፣ ካሜራ አስገብቶ ነው። አሁን በአልትራሳውንድ እየታየ ከትንንሾቹ የጣት መገጣጠሚያዎች ሳይቀር ይወሰዳል።

አንጓ ላይ ሲሠራ ታካሚው እጁን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ቆዳው ይጸዳል፣ ማደንዘዣ ይወጋል። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ መርፌውን ወፍራሙ ሽፋን ድረስ ያደርሳል። ከዚያ ቀጭ! የመርፌው ሞላ ይለቀቅና የክር ቁራጭ የምታህል ሥጋ ይዞ ይወጣል። በዚያችው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ በሽታው ቦታ ስለሚመርጥ አንድ ቁራጭ ሊያሳስት ይችላል። መድማትና ኢንፌክሽን ብዙም አያጋጥምም፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ መናገር አለበት።

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሁሉም ሰው ሩማቶይድ አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ሽፋን ቢ ሴል በሚባሉ የመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው፣ የሌላው ማክሮፋጅ በሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች፤ የሦስተኛው ደግሞ እምብዛም የመከላከያ ሴል የለበትም። ታዲያ መድኃኒቱን በዚህ መምረጥ አይቻልም? እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ላይ የወጣው አርፎርአርኤ የተባለው ጥናት በ164 ታካሚዎች ሞክሮታል። ቢ ሴል የሚያጠፋውን ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ቶሲሊዙማብ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር አወዳደረ። ሽፋናቸው ቢ ሴል ያነሰው በማይክሮስኮፕ ሲለይ ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም። በሽፋኑ ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ በሚያሳየው የአርኤንኤ ምርመራ ሲለይ ግን በቶሲሊዙማብ 63 ከመቶ፣ በሪቱክሲማብ 36 ከመቶ ተሻላቸው። ስትራፕ የተባለው ቀጣይ ጥናት ግን በማይክሮስኮፕ ለይቶ መድኃኒት መመደብ ብልጫ እንዳለው አላሳየም። ስለዚህ ለመድኃኒት ምርጫ ሲባል ናሙና መውሰድ እስካሁን በአብዛኛው የምርምር ሥራ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ይበልጥ የሚጠቅመው ምርመራው ሲያደናግር ነው። አንድ ጉልበት ብቻ ለወራት አብጦ ከቆየ፣ እኛ አገር መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ቲቢ ነው። ያኔ ቢያንስ አንዱ ቁራጭ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ግን ጀርም የሚገድለው ፎርማሊን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጀርሙ ከሞተ ላብራቶሪው የሚያሳድገው ነገር አያገኝም።